ልብሱን ማን ሰፋው? በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የአልባሳት ውድድር ለምታዘጋጁ

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ የዩኒቨርሲቲዎቻችንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ግቢ መልኩን ይቀይራል። አንዱ ቀን የባህል ቀን ነው፣ ሌላው ከለር ደይ፣ ሌላው ክሬዚ ደይ። አንዱ የአያቱን ቡልኮ ደርቦ ዘንግ ይዞ ይመጣል፤ አንዷ ጨሌዋን ደርድራ፤ ሌላው የሚወደውን የአኒሜ ጀግና መስሎ። ፎቶ ይነሣሉ፣ ቴሌግራም ላይ ይለቁታል፣ ይበተናሉ። ሌሊቱን ተቀምጣ ከስፖንጅ ጥሩር የሠራችው ልጅና ጠዋት ልብስ ተከራይቶ የመጣው ልጅ እኩል "አምሮብሻል፣ አምሮብሃል" ተብለው ይሸኛሉ። የእሷን ሥራ ቀርቦ ያየላት የለም።

ይህን የምጽፈው ያንን ቀን የምር ውድድር ልታደርጉት ለተነሣችሁ ነው፤ ለጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ኮሚቴዎች፣ ለኪነ ጥበብና ለሚኒ ሚዲያ ክበቦች፣ ኮሚክና አኒሜ ለምትወዱ ጓደኛሞች። መነሻዬ አምቦ ናት። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ ወይም ባኮ ያላችሁ በአቅማችሁ ልክ አሳጥራችሁ ተጠቀሙበት።

በውጭው ዓለም ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን ሲያካሂዱ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የመጪው ዘመን ሰው ልብስ ለብሰው ገቡ። በዓመቱ ቺካጎ ላይ የአልባሳት ትዕይንት ተጨመረ፤ ልማዱ እያደገ ሄዶ ዛሬ ጃፓን ውስጥ ናጎያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከውጭ አገር የሚመጡ የአልባሳት አፍቃሪዎችን ትሰበስባለች። ከሁለቱ ጀማሪዎች ስሙ የገነነው አከርማን ነው። የሁለቱንም ልብስ የሰፋችው ግን ዳግላስ ነበረች። እኔ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ልብሱን ማን ሰፋው? ውድድራችሁ ይህን የሚጠይቅና የሚያከብር ከሆነ ሌላው ሁሉ መልክ ይይዛል።

ቀንና አዳራሽ

ቀን ስትቆርጡ መጀመሪያ ዝናብን አስቡ። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ከቀትር ወዲያ ያለውን ሰማይ ማመን አይቻልም። የምርቃት ዝግጅት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በዚያው ወራት ነው። ከካርቶን የተሠራ ክንፍ አንድ ዶፍ አይችልም። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ኅዳር 29ን ያዙት። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ዕለት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶች እንደሆነ በባህል ልብስ ያከብሩታል፤ ወቅቱም ደረቅ ነው። ከምርቃት ውጭ አይሆንም ካላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 7 ሰዓት ጨርሱ፣ ያውም በአዳራሽ።

አዳራሽ ስትመለከቱ ከመድረኩ በፊት በሩን ለኩ። ክንፍም ሆነ ሰፊ ቀሚስ በ80 ሳንቲ ሜትር በር አያልፍም፤ ተወዳዳሪው በር ላይ ሲታገል የሠራው ነገር ሁሉ ይሰበራል። ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ የሚቆለፍ መልበሻ ክፍል፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስተዋት፣ ቅርብ መጸዳጃና ውሃ ያስፈልጋል። መብራት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ተዘጋጁ፤ ጄነሬተር ካልተገኘ ባትሪ ያለው ሞንታርቦ ይበቃል።

ከሌላ ከተማ የሚመጡትንም አስቡ። ጉደር ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ባኮ ግን ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ባኮ እኩሌታ መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። ከዚያ በሚኒባስ የሚመጣ ልጅ ልብሱን በሌላ ሰው ጭን ላይ አስቀምጦ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ምዝገባ ላይ "የሚፈታና የሚገጠም አድርጋችሁ ሥሩ" ብላችሁ ንገሯቸው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በዋናው ግቢ፣ በሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስና በጉደሩ ማሞ መዘምር ካምፓስ ስለተከፋፈለ፣ ከየካምፓሱ ተወዳዳሪ እንዲላክ ማድረጉ ለፉክክሩ ነፍስ ይሰጠዋል።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነው። ግቢ ውስጥ ከሆነ የተማሪዎች ዲን ወይም የርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ፤ ከግቢ ውጭ ከሆነ ለከተማው አስተዳደርና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ግልባጩን ለፖሊስ መስጠት። ማህተም ያለበትን ወረቀት በዕለቱ አንድ ሰው ኪሱ ይያዘው።

ምድቦቹ

ሁሉን በአንድ መድረክ አቀላቅሎ ማወዳደር ለማንም አይበጅም። የእናት እጅ የፈተለውን ቀሚስና የአኒሜ ጎራዴ ይዞ የሚዘል ልጅን በምን ትለኳቸዋላችሁ? ቢያንስ ሁለት ምድብ ክፈቱ፤ የባህል ልብስና የገጸ ባሕርይ ልብስ። አቅም ካለ ሦስተኛ ጨምሩ፤ ከተጣለ ዕቃ፣ ማለትም ከማዳበሪያ ጆንያ፣ ከውሃ ፕላስቲክ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ የተፈጠረ ልብስ። ይህ ሦስተኛው ገንዘብ የሌለው ልጅ ከሁሉም በልጦ የሚታይበት ነው፤ እኔ ብጠየቅ በፍጹም አልተወውም።

በየምድቡ ደግሞ ተወዳዳሪው ከሦስት አንዱን ይምረጥ፦ ራሴ ሠራሁት፤ ከልብስ ሰፊ ጋር ሆነን ሠራነው፤ ተዋስኩት ወይም ተከራየሁት። የተዋሰ ሰው ይከለከል አላልኩም። መድረክ ላይ ይውጣ፣ ያምር፣ ይጨብጨብለት። የአሠራር ሽልማት ግን የሠራ ይውሰደው።

የገጸ ባሕርዩ ምድብ ላይ ልጆች ወዲያው ወደ ናሩቶና ወደ ስፓይደርማን ይሮጣሉ። መውደዳቸውን አትንቀፉ፤ አጠገባቸው ያለውን ግን አሳዩአቸው። ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው "ጀምበር" በአማርኛም የታተመ የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ታሪክ ነው፤ ከዚያው ቤት የወጣችው ሐዊ ደግሞ ሴት ጀግና ናት። "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን የሠሩት የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ሰዎች ጥበብ ገርልስ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶችን በአኒሜሽን ፈጥረዋል፤ ሦስት ጓደኛሞች አብረው ለሚወዳደሩበት ቡድን እንደተዘጋጀ ነው። ከዚህም ሁሉ የሚቀርባችሁ ሰው አለ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው። ገና ተማሪ ሳለ ስለ ሲራኩሱ ንጉሥ ዳዮኒሲየስ የጻፈውን ተውኔት አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ለመድረክ አብቅቷል። በአምቦ አፈር የበቀለ ልጅ ለጓደኞቹ የጥንት የሲራኩስ ነገሥታትን ገጸ ባሕርይ ከሰጠ፣ የዛሬው የአምቦ ተማሪ ከእሱ ተውኔቶች አቡነ ጴጥሮስን ወይም ቴዎድሮስን፣ ከተረጎማቸውም ኦቴሎን ለብሶ ቢወጣ ማን ይከለክለዋል? "የጸጋዬ ሰዎች" የሚል ልዩ ሽልማት ብታደርጉ ምክሬ ነው።

የማይነኩና የሚጠየቅባቸው ነገሮች

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በምዕራብ ሸዋ የባህል ልብስ ስንል ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለም ያለው ልብስ፣ ቡልኮ፣ ጨሌ፣ የወገብ መቀነት፣ የወንዶች ሆሮሮ ዘንግ ይመጣል። እነዚህን ማንም ወጣት ለብሶና ይዞ ቢወጣ ደስ ያሰኛል። ቦኩ፣ ከለቻና ጫጩ ግን ጌጥ አይደሉም። የሥርዓት ዕቃዎች ናቸው፤ የሚይዛቸው ሰው የሚይዛቸው ስለተገባው ነው። ሲንቄም እንዲሁ። እናት ለልጇ በጋብቻዋ ጊዜ የምታስይዛት፣ ሴት ስትበደል መብቷን የምታስከብርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት በትር ናት። በገዳ ሥርዓት ውስጥ ያላቸው ክብር ዛሬም የሚኖሩበት ነው፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከካርቶን ከለቻ ቆርጦ ግንባር ላይ ማሰር ለውድድር አይቅረብ። አንድ ልጅ አባ ገዳ መስሎ ልውጣ ካለ ኮሚቴው አብሮት ወደ ሽማግሌዎች ይሂድ፤ "ኦቦ፣ እንዲህ አስበናል፤ ምን ይፈቀዳል? ምን ይቅር?" ብሎ ይጠይቅ። የሲንቄ ነገር ሲሆን ሃዳ ሲንቄዎችን አማክሩ፤ "አዴ" ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ። አይሆንም ካሉ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ግን ይህን ተው፣ ይህን ልበስ ብለው፣ አለባበሱንም በእጃቸው አስተካክለው ይሸኟችኋል፤ በውድድሩ ቀንም እንዲገኙ ጋብዟቸው።

የሌላ ብሔረሰብ ልብስ መልበስስ? አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ መዋዋሱ ውብ ነገር ነው። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ ከባህሉ ተወላጅ የተማረ ሰው ብቻ ይልበስ፣ ማን እንዳስተማረውም ቅጹ ላይ ይጻፍ። ስህተት በጥቃቅኑ ውስጥ ነው ያለው። ነጠላ ስትለብሱ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ከሆነ ሐዘን ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ በሠርግ ልብስ ላይ እንዲህ አጣፍቶ የወጣ ተወዳዳሪ ገና ሳይናገር እናቶች ይደነግጣሉ። "ብላክ ፓንተር" ለተባለው ፊልም አልባሳት እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር የተሸለመችው ሩት ካርተር የማሳዩን ቀይ፣ የሂምባን ቆዳ፣ የባሶቶን ብርድ ልብስ፣ የእኛን የሙርሲና የሱርማ የከንፈር ጌጥ ሳይቀር አጥንታ ነው በልብ ወለድ አገር ሰዎች ላይ ያዋለችው። ማጥናቷ በስፌቱ ይታያል።

ሌሎች ክልከላዎች አጭር ይሁኑ፣ ግን በምዝገባው ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፉ። የፖሊስና የመከላከያ ደንብ ልብስ አይለበስም፤ ያለ ፈቃድ መልበሱ በሕግ ያስጠይቃል። መሣሪያ የሚመስል ነገር፣ የአሻንጉሊት ሽጉጥም ቢሆን፣ አይገባም። የብረት ስለት አይገባም፤ ጎራዴ ከካርቶን ወይም ከስፖንጅ ይሁን፣ ጫፉም ይደንዝ። የፓርቲ አርማና መፈክር አይገባም፤ ውድድሩ የልብስ ነውና። እርጥብ ቀለም፣ ጭቃ፣ ዘይት፣ የሚራገፍ ዱቄት አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ተወዳዳሪ ገላውን በኦቾሎኒ ቅቤ ለውሶ ወጥቶ የሌሎችን ልብስ አበላሽቷል፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ክልከላ በብዙ ውድድሮች ተጽፎ ይገኛል። ለክሬዚ ደይ ልጆቻችን ከማንም በላይ ይጠቅማል።

ፈረስ የሚጠይቅ ደግሞ አይጠፋም። የሜጫ ፈረሰኛ በጌጠኛ ኮርቻና ልጓም ሲወጣ የሚያህለው የለም። ከቻላችሁ ሜዳ ላይ በሌላ ሰዓት ራሱን የቻለ ሰልፍ አድርጉለት። አዳራሽ አጠገብ ሞንታርቦ እየጮኸ ፈረስ ማቆም ለሰውም ለፈረሱም አደጋ ነው።

ልብሱን ለሚሠሩ

ተወዳዳሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ልብስ ሰፊ የምታሠሩ ከሆነ ከመስቀል፣ ከገናና ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያለውን ጊዜ ከሒሳባችሁ አውጡት፤ ያን ጊዜ ማሽናቸው ሥራ በዝቶበት ቀና ብለው አያዩአችሁም። ስትሄዱ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚያሳይ ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ፤ የስልክ ፎቶ ከፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሰፊውም ጀርባውን በግምት ይሠራዋል። ውድ ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት በአቡጄዲ አስለኩት፤ በአቡጄዲ ላይ የተሳሳተ እጅጌ በርካሽ ይታረማል።

ጥሩርና ጋሻ ለምትሠሩ፣ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት እዚህ ነው። አሮጌ ቲሸርት ልበሱ። ጓደኛችሁ ደረታችሁንና ጀርባችሁን በፕላስተር ጥብቅ አድርጎ ይጠቅልላችሁ፤ ጥሩሩ የሚያርፍበትን መስመር በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ይሳል። ከዚያ በጎን በኩል በጥንቃቄ ቀዶ ያውጣችሁ። የተገኘውን ቅርፊት በመስመሩ ላይ ቆራርጣችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ስትገለብጡት የሰውነታችሁ ልክ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ልክ ለስፖርት ወይም ለመኝታ በሚነጠፈው፣ እንደ ሸበጥ ሶል ጠጠር ባለው ምንጣፍ ላይ ገልብጡ። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለደረት ጥሩ ነው፤ ለክንድ ግማሹ ይበቃል። አዲስ ምላጭ በገባበት ካተር በአንድ ጊዜ በረጅሙ ስባችሁ ቁረጡት፤ እየመላለሱ ሲቆርጡት ጠርዙ ይሸረፋል። ሁለቱ ጠርዞች ተገናኝተው እንዲጎብጡ ከፈለጋችሁ ምላጩን ዘንበል አድርጋችሁ ቁረጡ።

ማጣበቂያው ጫማ ጠጋኞች የሚይዙት ማስቲሽ ነው። ሁለቱንም ጠርዝ በስሱ ቀቡ፤ ወዲያው አታጋጥሙ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ በጣት ሲነካ መለጠፉን እስኪተው። ከዚያ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላችሁ ጫኑት፤ አንዴ ከነካ አይላቀቅምና ከመሃል ጀምሩ። ማስቲሽ ጭሱና ሽታው ስለሚመርዝ በረንዳ ላይ እንጂ ዶርም ውስጥ አትሥሩ፣ ሻማም ሲጋራም አጠገቡ አይኑር። ከደረቀ በኋላ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ሦስት ጊዜ፣ እያደረቃችሁ ቀቡት፤ ካልተቀባ ስፖንጁ ቀለሙን እየመጠጠ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ቀለም። ብረት እንዲመስል መጀመሪያ ጥቁር፣ ሲደርቅ ብርማውን በደረቀ ብሩሽ ከላይ ከላይ ብቻ አሻሹበት፤ ጥቁሩ በስርጉዱ ውስጥ ሲቀር አሮጌ የጦር ሜዳ ብረት ይመስላል።

መታጠቂያው በላስቲክና በመንጠቆ ይሁን። በራሳችሁ መልበስ፣ መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣትና መጸዳጃ ቤት መሄድ የማትችሉበት ልብስ አላለቀም። ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ ምን እንደሚያሳክክና ምን እንደሚላቀቅ ያኔ ታውቃላችሁ።

ዳኞችና ነጥብ

ሦስት ዳኛ ይበቃል። አንዱ በሙያው የታወቀ ልብስ ሰፊ ይሁን፤ ይህን ቦታ ለማንም ባለሥልጣን አሳልፋችሁ አትስጡ። ሁለተኛው ባህሉን የሚያውቁ አባት ወይም እናት፣ ሦስተኛው የቴአትር ወይም የሥነ ጥበብ መምህር። ተወዳዳሪ ዘመድ ያለው ዳኛ በዚያ ምድብ ነጥብ አይስጥ።

እውነተኛው ዳኝነት ከመድረክ በፊት፣ በጓዳ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለአምስት ደቂቃ ከዳኞች ፊት ይቁም፤ 24 ተወዳዳሪ ቢኖር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ አትመዝግቡ። ዳኞች ስፌቱን ገልብጠው ይዩ። ክሩ ተቆርጧል? ጠርዙ ተዘምዝሟል? የግራውና የቀኙ እጅጌ እኩል ነው? "ይህን ክፍል እንዴት ሠራኸው?" ብለው ይጠይቁ። የሠራ ሰው ወዲያው ይናገራል፤ የት እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው ሳይቀር ይተርካል። ያልሠራ ሰው ወደ ጓደኛው ያያል። ልብስ ሰፊ አብሮት የሠራ ከሆነ የሰፊውን ስምና የሰፊውን ድርሻ ይናገር፤ ነጥብ አይቀነስበትም፤ የደበቀ ግን ይቀነስበት።

ከ100 ነጥብ 50ውን ለአሠራር ስጡ፤ 25 ለገጸ ባሕርዩ ወይም ለባህሉ ላለው ዕውቀት፤ 25 ለመድረክ። የመድረኩ ከፍ ካለ ጥሩ የሚጨፍር ሁሉ ጥሩ የሰፋውን ይበልጠዋል። የተመልካች ጭብጨባ የራሱ ሽልማት ይኑረው፤ ከዳኞች ነጥብ ጋር አይደመር፤ ጓደኛ ያበዛ እንዳይወስደው። ነጥብ እኩል ሲሆን የአሠራሩ ይለይ። ወረቀቶቹ ከውድድሩ በኋላ ለተወዳዳሪው ይታዩ፤ የት እንዳነሰበት ሳያውቅ የሄደ ልጅ በሚቀጥለው አይመጣም።

በዕለቱ

መድረክ ላይ ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ በቂ ነው፤ ለቡድን ሁለት ደቂቃ። ሙዚቃው ከሁለት ቀን በፊት ገብቶ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ። የመድረክ መሪው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚናገር ይሁን፤ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ይሻላል። ተወዳዳሪ ሲጠራ ስሙ፣ የለበሰው ምን እንደሆነ፣ ከዚያ "የሰፋው" ተብሎ የሠሪው ስም ይነገር። እናት ሰፍታለት ከሆነ የእናቱ ስም ይጠራ። ልጁ ከመድረክ ሲወርድ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠችውን እናት ብታዩአት ይህን ደንብ ለምን እንዳጠበቅሁት ይገባችኋል።

የጥገና ጠረጴዛ አንድ ጥግ ላይ አኑሩ፦ መርፌና ጥቁርና ነጭ ክር፣ መርፌ ቁልፍ በርከት አድርጎ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ካውያ፣ የመጠጥ ውሃ። ስፖንጅ የለበሰ ሰው በአዳራሽ ሙቀት ይደክማል፤ ወንበርም ይኑረው።

ፎቶን በሚመለከት በሩ ላይ በትልቁ ጻፉ፦ "ሳትጠይቁ አታንሡ፣ አትንኩ።" ኒውዮርክ ያለው ትልቁ የኮሚክ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 አለባበስ ፈቃድ ማለት እንዳልሆነ የሚናገር ማስታወቂያ በየበሩ አቁሟል፤ ሴት ተወዳዳሪዎች ሲጎነተሉና ያለ ፈቃዳቸው ሲቀረጹ ስለቆዩ ነው። እኛም ዘንድ ችግሩ ያው ነው። ከኮሚቴው ሁለት ሴቶች ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይመደቡ፤ ስማቸው ከመድረክ ይነገር፤ ቅሬታ ያላት ወደ ማን እንደምትሄድ ትወቅ። ያስቸገረ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ወንድምም ቢሆን፣ ይውጣ።

ሽልማትና ማግሥቱ

ብር ካላችሁ ጥሩ ነው። እኔ ግን ጥሩ የጨርቅ መቀስ፣ ሜትር፣ አምስት ሜትር ጨርቅ፣ ወይም ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ለእረፍት ወራት የመማር ዕድል ብትሸልሙ እመርጣለሁ፤ የከተማው ነጋዴዎችም ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ ለመስጠት አይቸገሩም። ከልብስ ሰፊ ጋር የሠራ ተወዳዳሪ ሲያሸንፍ ሁለቱም መድረክ ላይ ይውጡ። ለሰፊው የምስክር ወረቀት ስጡት፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ልጆቻችሁን በቅናሽ ይሰፋላቸዋል።

በማግሥቱ ሥራው አያልቅም። የተዋሳችሁትን ሁሉ በዝርዝር ጽፋችሁ ነበር? እያያችሁ መልሱ። ጨሌ ስትመልሱ ክሩን በእጃችሁ ስባችሁ ፈትሹ፤ የላላ ካለ ቤት ሳይደርስ አሰሩት፤ ከአያት የመጣ ዶቃ ከጠፋ ገበያ ላይ አይተካም። ቡልኮና ጋቢ ላብ ስለሚይዝ አጥባችሁ መልሱ። የወረቀት ልኮቹን ስም፣ ቁመትና ዓመት ጽፋችሁባቸው በአንድ ካርቶን ለክበቡ አስቀሩ። ፎቶዎቹን ስትለቁ በያንዳንዱ ሥር የለበሰው ስም መጀመሪያ፣ የሰፋው ስም ቀጥሎ ይጻፍ፤ ሰፊው ስልክ ቁጥሩ እንዲወጣ ከፈቀደ እሱንም ጨምሩ።